ራስ የሌለው ጊታር ራሱን ለምን አጣ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጦቻችን የኪነ ጥበብ ገጽ ስለ ጊታር ሲጻፍ የሚነሣው ተጫዋቹ ነው፤ መሣሪያውን ያበጀው ሰው ከስንት አንዴ ቢጠቀስ ነው። ራስ፣ ማለትም መቃኛዎቹ የሚሰኩበት የአንገቱ ጫፍ፣ የሌለው ጊታር መድረክ ላይ ሲታይማ «ፋሽን ነው»፣ «ለታይታ ቆርጠውት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ኔድ ስታይንበርገር የሚባለው አሜሪካዊ ያወጣው ቅርጽ ለዓይን ተብሎ የተሠራ አይደለም። ከመሣሪያው ላይ የጎደለው ነገር ሁሉ የጎደለበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሲገዛም ሲጠግንም ይሳሳታል።

ለዓይን ተብሎ የተሠራ ጊታር ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። ጊብሰን በ1958 ያወጣው ፍላይንግ ቪ አለ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ፋብሪካው ዘመናዊ መስሎ ለመታየት የቀስት ጫፍ የመሰለ አካል ሠራለት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከፋብሪካው የወጣው 100 እንኳ አልሞላም። ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ሰው ከጭን ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ሲባል በአንደኛው ክንፍ ጠርዝ ላይ ሸንተረር ያለው ላስቲክ ተለጠፈበት። እዚያ ቅርጹ ቀድሞ መጣ፣ ችግሩ ተከተለ፣ መፍትሔው በላስቲክ ተለጠፈ። የስታይንበርገር መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ችግሩን አስቀደመ፣ ቅርጹ ተከትሎ መጣ።

ስታይንበርገር በ1948 ተወለደ። አባቱ ጃክ ስታይንበርገር በ1988 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። ልጁ ግን ሙያው የቤት ዕቃ ንድፍ ነበር፤ ጊታር ተጫዋች አልነበረም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን የእንጨት ሠራተኞች በጋራ በሚሠሩበት ቦታ ስቱዋርት ስፔክተር ቤዝ ጊታር ይሠራ ነበር። ስታይንበርገር በ1977 ለስፔክተር የነደፈው ቤዝ ከፊት ለፊት ጎበጥ፣ ከኋላው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሆድ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። የወንበር መደገፊያ ሲነድፍ የኖረ ሰው እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ያ ቤዝ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቀጥሎ ያስቸገረው የአንገቱ መዘቅዘቅ ነበር። አንድ የቤዝ መቃኛ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አራቱ 400 ግራም ይሆናሉ። ይህን ያህል በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው። ከትከሻ ማንጠልጠያው ርቆ በረጅም አንገት ጫፍ ላይ ሲሰቀል ግን አንገቱን ወደ መሬት ይጎትታል። ከላይ ቀንበሩ ላይ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ክራር የያዘ ሰው ይህን ክብደት ያውቀዋል። ተጫዋቹ በግራ እጁ ኖታ መያዝ ብቻ ሳይሆን አንገቱን ደግፎ ማዋል ይኖርበታል፤ ከሁለት ሰዓት ዝግጅት በኋላ የሚያመው ትከሻና የእጅ አንጓ ከዚህ የመጣ ነው። ሠሪዎች ይህን ለማመጣጠን አካሉን ያከብዱታል፤ ያኔ መሣሪያው በጠቅላላው ይከብዳል። ስታይንበርገር መቃኛዎቹን ወደ አካሉ ጭራ አዛወራቸው። መቃኛ ከሌለ ራሱ ምን ይሠራል? ምንም። ቀረ። አንገቱ ከቀለለ ደግሞ ለማመጣጠኛ ተብሎ የተጨመረው ትልቅ አካልም ቦታ የለውም፤ እሱም ቀርቶ አነስተኛ ሞላላ ሳጥን ሆነ። ሳጥኑ ጭን ላይ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ስለሌለው ተጣጣፊ የእግር ማሳረፊያ ከሥሩ ተደረገለት፤ ከጀርባው ደግሞ ማንጠልጠያው የሚያያዝበት የሚሽከረከር ክንድ ተገጠመለት።

ሁለተኛው ችግር ዓይን የማያየው፣ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ነው። በእንጨት አንገት ቤዝ ላይ በቀጭኑ ክር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከለው ብረት) አካባቢ የሚጫወት ኖታ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሞታል። እዚያ ክሩ በሰከንድ ከ131 እስከ 147 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አንገቱም በተፈጥሮው ለዚህ ቁጥር የሚቀርብ ርግብግቢት አለው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንገቱ የክሩን ኃይል ይጠጣዋል፣ ድምፁ ይከስማል። ክር መለወጥ ወይም ፒክአፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ) መቀየር ይህን አያድነውም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው አንገቱን ቀላልና ግትር አድርጎ የራሱን ርግብግቢት ከፍ ወዳለ ቦታ ማሸሽ ነው። ራሱን መቁረጥ ግማሹን ሠራ። ሌላውን ግማሽ የሠራው ካርቦን ፋይበር ነው። በካርቦን አንገት መሥራትን ስታይንበርገር አልጀመረውም፤ በካሊፎርኒያ ከፎርድ ኤሮስፔስ የመጣው መሐንዲስ ጄፍ ጉልድ አሌምቢክ ከሚባለው ኩባንያ ጊታር ሠሪዎች ጋር ቀድሞ ሞክሮታል። የስታይንበርገር ድርሻ አንገቱንና አካሉን አንድ ላይ ከዚሁ ነገር ማውጣቱ ነው። ፋይበሩ ኢፖክሲ በሚባል ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ እየተነከረ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደራረባል፤ ሲደርቅ ውስጡ ክፍት የሆነ አንድ ወጥ ነገር ይወጣል። ከላይ ክዳን በብሎን ይታሰርበታል፤ ፒክአፑና ሽቦው ከክዳኑ ጋር አብሮ ይነሣል። የጣት ሰሌዳው ፌኖሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ 24 ፍሬት አለው።

ይህ ኤል 2 የተባለው ቤዝ ነው። ስታይንበርገር ሳውንድ የሚባለው ኩባንያ በ1980 ተቋቋመ፤ በ1981 መሣሪያው ከአሜሪካ የኢንዱስትሪ ንድፍ ባለሙያዎች ማኅበር ሽልማት አገኘ። ቶኒ ሌቪን፣ ጌዲ ሊና ስቲንግ ተጫወቱበት። ስድስት ክር ያለው ጊታር ተከተለ፤ አለን ሆልድስወርዝ የያዘው እሱን ነው። በፒክአፕ በኩል ኩባንያው ባትሪ የሚፈልግ ፒክአፕ ከሚያመርተው ከኢኤምጂ ጋር ሠራ።

የመቃኛው ነገር ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። ተራ መቃኛ ክሩን በእንዝርት ላይ ይጠቀልለዋል፤ ጥቅልሉ እየተላላ ሲሄድ ቅኝቱ ይወርዳል። እዚህ ጥቅልል የለም። ክሩ በሁለቱም ጫፍ ኳስ አለው፤ አንዱ ከአንገቱ ጫፍ ይታሰራል፣ ሌላው ክሩ በአካሉ ላይ ከሚያርፍበት ከብሪጁ ጀርባ ባለ መንጋጋ ውስጥ ይገባል። ክብ ጉልላቱን ስታዞሩት መንጋጋው ክሩን በቀጥታ ወደ ኋላ ይስበዋል። በተራ ጊታር ላይ መቃኛው ከ12 እስከ 18 ዙር ሲዞር እንዝርቱ አንድ ዙር ይዞራል፤ ስታይንበርገር ለራሱ መቃኛ የሰጠው ልክ 40 ለ1 ነው። ስለዚህ እጅግ ትንሽ የቅኝት ልዩነትን መያዝ ይቻላል።

በ1984 የወጣው ትራንስትረም የተባለው የስታይንበርገር ትረሞሎ (ክሮቹን በዘንግ የሚያላላና የሚወጥር ብሪጅ) ይህን ሥርዓት ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። በተራው ትረሞሎ ላይ ዘንጉን ስትጫኑ ስድስቱ ክሮች በተለያየ መጠን ስለሚወርዱ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች ስምም) ይበላሻል። ትራንስትረም ለእያንዳንዱ ክር የተለየ የመሳቢያ ልክ ስላለው ስድስቱም እኩል ይወርዳሉ፤ ኮርዱ ኮርድ እንደሆነ ይቆያል። ከዚያም አልፎ በተወሰኑ ቦታዎች ይቆለፋል፤ ወደ ላይ እስከ 3 ግማሽ ድምፅ፣ ወደ ታች እስከ 5። ኤዲ ቫን ሄለን ተጠቅሞበታል። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ስሌቱ የሚሠራው ርዝመቱና ውጥረቱ በልክ ለተዘጋጀ ክር ብቻ ነው። ያልተለካ ክር አስገብቶ «ተበላሽቷል» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሳጥኑን ያልወደዱ ሙዚቀኞችም ነበሩ። የጄኔሲሱ ማይክ ራዘርፎርድ የተለመደ አካል ፈልጎ እንግሊዛዊው ጊታር ሠሪ ሮጀር ጊፊን ነደፈለት፤ ኤም የሚባለው ተከታታይ ከዚያ መጣ፤ አካሉ እንጨት፣ አንገቱ ካርቦን ነው። በ1987 ኩባንያውን ጊብሰን ገዛው፤ በ1990ዎቹ ሥራው ወደ ናሽቪል ተዛውሮ በኋላ የካርቦኑ ምርት ቆመ። ስታይንበርገር ራሱ በ1990 ኤንኤስ ዲዛይንን አቋቁሞ ወደ ኤሌክትሪክ ቫዮሊንና ቁም ቤዝ ዞሯል።

አሁን ወደ ገዢው ልመለስ። «ስታይንበርገር ነው» ተብሎ ከሚቀርበው ውስጥ ብዙው በፈቃድ የተሠራው ሆነር ወይም ጊብሰን ያወጣው ስፒሪት ነው፤ ሁለቱም እንጨት ናቸው። መጥፎ አይደሉም፤ ዋጋቸው ግን የካርቦኑ መሆን የለበትም። የእንጨቱ በአንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለው፤ መጎበጥ ካለ በአለን ቁልፍ ይስተካከላል። የመጀመሪያዎቹ ካርቦኖች ዘንግ የላቸውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክሩ ተቃኝቶ ሳለ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና በ8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ለቤዝ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ለጊታር 0.2 ገደማ ደህና ነው። ካርቦኑ ከዚህ ብዙ ከራቀ በቁልፍ የሚድን ነገር የለም፤ ፍሬቶቹን በሞረድ ማስተካከል ብቻ ይቀራል። የእንጨቱን ዘንግ ስታዞሩ በአንዴ ከሩብ ዙር አትለፉ፤ ቃኙት፣ ለኩት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ጉልላቶቹን አንድ በአንድ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። የሚከብድ ካለ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ደርቆ ነው፤ ክሩን አላልተው ጉልላቱን ፈትተው አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ከጠረጉት በኋላ ጥቂት ግሪስ ጥርሱና ተሸካሚው ላይ መቀባት ይበቃል። በፒንሳ ማዞር ጥርሱን ይበላዋል፤ ለዚህ መሣሪያ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለት ኳስ ያለው ክር ከየሱቁ እንደ ልብ አይገኝም፤ ላ ቤላ ይሠራዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ሦስት ስብስብ ማስመጣት ይሻላል። ርዝመቱ ትንሽ ከበለጠ መንጋጋው መጨረሻው ደርሶ እንኳ ክሩ ቅኝቱ ላይ አይደርስም፤ ካነሰ ደግሞ ኳሱ መንጋጋው ውስጥ አይገባም። ተራ ክር መጠቀም ግድ ከሆነ በአንገቱ ጫፍ የሚታሰር ማስያዣ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ሞዴል አብሮት አለው። ኳሱን መንጋጋው ውስጥ አስገቡ፣ መንጋጋውን ወደ አንገቱ በኩል እስከ ጥግ አስጠጉት፣ ክሩን በእጅ ወጠር አድርጋችሁ በማስያዣው ብሎን አጥብቁት። ትርፉን ከመቁረጣችሁ በፊት 90 ዲግሪ እጠፉት፤ ሳይታጠፍ የተቆረጠ ጥቅልል ክር ሽቦው ከውስጡ ብረት ይላቀቅና ድምፁ የሞተ ይሆናል። መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ ማጥበቅም ወደዚያው ያደርሳል።

ድምፁ ሲሰነጠቅ ወይም ሲደክም መጀመሪያ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ቀይሩ። ኬብሉ ሲሰካ ኤሌክትሪኩ ይበራል፤ ሰክተውት ካደሩ ባትሪው ያልቃል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ከተበላሸ የሚተካው ባለ 25 ኪሎ ኦም ነው። ከተራ ጊታር የተወሰደ ባለ 250 ቢገጠም ይሠራል፤ ግን ድምፁ ቀስ እያለ አይቀንስም፣ እንደ መብራት ማብሪያ ድንገት ይጠፋል።

ካርቦኑ ከተሰነጠቀ የእንጨት ኮላ አይዘውም፤ ኢፖክሲ ነው የሚያስፈልገው፤ ስንጥቁ በአልኮል ተጠርጎ፣ ተጨብጦ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነካ መቆየት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ሰው በውኃ አርሶ ይሥራው፣ አፍንጫና አፉንም ይሸፍን። ደረቁ የካርቦን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጊታር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ