ስህተቴን ጭምር የወሰደው ቅጂ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከሸክላ ትንንሽ ምስሎችን በመሥራት የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው የገና ሰሞን በአንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ውስጥ ቡና የምታፈላ ሴት ምስል አየሁ። ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ከረከቦቷ እግሮች አንዱ አጠር ብሏል። ያ እግር ያጠረው ከዓመታት በፊት የመጀመሪያዋን ስሠራ ጭቃው ቶሎ ደርቆ ስለተሰነጠቀብኝ ነው። ያየኋት ግን እኔ የሠራኋት ሳትሆን ከእኔ ሥራ የተገለበጠች ነበረች፤ የገለበጠው ሰው ስህተቴን እንኳ ሳያስተውል መውሰዱ እጅግ አሳዘነኝ።

ቡና የምታፈላ ሴትን መሥራት የማንም የግል ርስት አይደለም። እኔም ሙያውን የተማርኩት ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሯቸውን ጥቋቁር የሸክላ ምስሎች ደጋግሜ በማየትና ለመለማመድ በመገልበጥ ሲሆን፣ እነርሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ጎረቤቶቻቸው አሠራሩን ይዘው መቀጠላቸውን እንደ ስርቆት የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም። የጭቃው አያያዝ፣ አተኳኮሱና ርዕሰ ጉዳዩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። የአንገቷ አዘነባበል፣ የነጠላዋ እጥፋትና የጀበናዋ አያያዝ ግን አንድ ሰው ለወራት ሲሠራና ሲያፈርስ ቆይቶ ያገኛቸው ናቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሐሳብን ትቶ ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ የሚጠብቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የስጦታ ዕቃ ነጋዴዎች ምስል ሲረከቡ የሠሪውን ስም እንዲጠይቁና ከግርጌው እንዲጻፍ እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት የሸክላ ባለሙያ