ለሚመለከተው አካል፣ የሚመለከተው ካለ

ጉዳዩ፦ ግዛ የተባልኩትን የኤሌክትሪክ መኪና የት ልሰካው?

ክቡርነትዎ፣

ደብዳቤው ላይ ስምዎንና መሥሪያ ቤትዎን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ስለ መኪናው ስጠይቅ «ይሄ የመብራት ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ስለ መብራቱ ስጠይቅ «መጀመሪያ የሕንፃው ኮሚቴ ይፍቀድልዎት» ተባልኩ። ኮሚቴው «ከላይ መመሪያ ካልወረደልን አንነካውም» አለ። መመሪያ ያወርዳል የተባለው ቢሮ ደግሞ «መኪና ነው አይደል?» ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። ጉዳዩ የእርስዎ ከሆነ ሲያነቡት ያውቁታል። ካልሆነም ግርጌው ላይ ፈርመው ለሚቀጥለው ሰው ይምሩት፤ እስካሁን ያጋጠሙኝ ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። አቤቱታዬን ገና ሳልጨርስ «ነዳጅ ናፍቆዎት ነው» የሚለኝ በየቢሮው አላጣሁም። አልናፈቀኝም። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያነጋ ሰው ነዳጅ አይናፍቀውም። የኤሌክትሪክ መኪናን ጥቅም ለእኔ መስበክም የአዋጁን በጆሮ ነው። ሌላው ዓለም በዚህ መኪና ሲከራከር የክርክሩ እምብርት «ኤሌክትሪኩ ከምን ይመነጫል?» የሚለው ነው። ኃይሉን ከድንጋይ ከሰል የሚያገኝ አገር ጭሱን ከመንገድ ላይ አንስቶ በከፊል ወደ ማመንጫው ነው የሚያዛውረው። የእኛ ኃይል ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፤ አዳማና አሸጎዳ ላይ ደግሞ ነፋስ አለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ባትሪው ሲመረት ብዙ ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚኑ የበለጠ አየር በክሎ ነው የሚወጣው። ይህ እውነት ነው። ግን ከውኃ በሚገኝ ኃይል ሲነዳ ያንን ጉድለት ከሰል ከሚያቃጥል አገር በጣም ፈጥኖ ያካክሳል። በኮንጎ ማዕድን ጉድጓዶች ስለሚሆነው የሚነሳው ጥያቄም ተገቢ ነው፤ የዓለም ኮባልት አብዛኛው ከዚያ ይወጣል፣ ቆፋሪዎቹ መካከልም ሕፃናት አሉ። ሆኖም ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ በሊቲየም፣ በብረትና በፎስፌት የተሠራ ባትሪ ነው ያላቸው፤ እሱ ኮባልት የለበትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በዚህ ስስ አየር ጉልበት ያጥረዋል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ፍሬን በያዙ ቁጥር ባትሪው ይሞላል። (ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ያንኑ መልሶ ይበላዋል፤ ያም ቢሆን ማየቱ ደስ ይላል።)

ስለዚህ ክርክሬ ከመኪናው ጋር አይደለም፣ ክቡርነትዎ። ክርክሬ ከእርስዎ ጋር ነው።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስን አነሳ። ጉምሩኩንም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ አደረገው። ያኔ ማባበያ ነበር፤ የፈለገ ይገዛ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሲናገሩ ማባበያው ትእዛዝ ሆነ። ምክንያቱ ነዳጅ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ በዚህም ቅሬታ የለኝም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ይተመን ተባለና 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ መኪና የሚያስፈልገው ሰው ምን ምርጫ ነበረው? ዕድሜው የገፋ ቪትዝ እንኳ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። እኔም ከባንክ ተበድሬ የታዘዝኩትን ገዛሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቆጣሪዬ ምድር ቤት ግድግዳው ላይ ከጎረቤቶቼ ቆጣሪ ጋር ተደርድሯል። መኪናዬ የሚያድረው ከዚያ ግድግዳ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከራሴ ቆጣሪ፣ በራሴ ወጪ፣ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን የተሠራ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ተስቦ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ አንድ ሶኬት ይተከልልኝ። የሚበላውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ከመንግሥት አንድ ሜትር ሽቦ አልጠየቅኩም።

መልሱ «ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ የለንም» የሚል ነበር። ቅጽ ስለሌለው ማመልከቻዬን የሚቀበል መስኮት የለም፤ የሚቀበል መስኮት ስለሌለ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ደግሞ ቅሬታ ሰሚው ክፍል «ያልቀረበ ጥያቄ እንዴት ተከለከልኩ ይላሉ?» አለኝ። ይህን ያለኝ ወጣት ትሁት ልጅ ነው፣ አልቀየምኩትም። ያሠለጠኑትን ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

እስከዚያው መኪናው መሄድ ነበረበትና ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን አወረድኩ። ከተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ቢገኝ ነው። የመኪናዬ ባትሪ የሚይዘው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ባዶውን ከሆነ ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈልጋል፣ ያውም መብራት ካልሄደ። ይህን ያህል ሰዓት ጭነት የሚሸከም ቀጭን ገመድ ይግላል። ኮሚቴው እሳት እንዳይነሳ ሰግቶ ገመዱን አስነቀለው፣ «የነዋሪውን ደህንነት አደጋ ላይ በመጣል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጠኝ። ኮሚቴው ትክክል ነው! እኔም ያንኑ ነው በየቢሮው ስናገር የከረምኩት፤ በሥርዓት የተዘረጋ መስመር ይፈቀድልኝ ያልኩት እሳት ስለምፈራ ነው። ማስጠንቀቂያውን እንደ ማስረጃ ይዤ ሄድኩ። ከደረሰኝ ወረቀት ሁሉ ማኅተም ያለው እሱ ብቻ ነውና።

አሁን የዚህን ደብዳቤ ምክንያት ልንገርዎት። ከብዙ መመላለስ በኋላ አንድ ከፍ ያሉ ኃላፊ አነጋገሩኝ። ማስጠንቀቂያውን አነበቡ፣ የሳልኩትን የመስመር ንድፍ አዩ፣ ጥቂት አሰቡና «ለምን ትንሽ ጀነሬተር አይገዙም?» አሉኝ።

እንደገና ያንብቡት። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የነዳጅ መኪና የተከለከለ ዜጋ፣ የኤሌክትሪክ መኪናውን በነዳጅ ጀነሬተር እንዲሞላ ተመከረ። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ፈገግ አላሉም። «የሚመች መፍትሔ ነው» ብለው እጄን ጨብጠው ሸኙኝ። ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ የሚጠብቃቸው ነጭ ቪ ኤይት ቆሟል። ሾፌሩ በር ከፈተላቸው፣ ወጡ። እኔ ቻርጄ ስላለቀ የመጣሁት በታክሲ ነበር፤ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ጭሱን እየማግኩ።

በቅሎ ግዛ ብሎ አዝዞ ሣር እንዳትግጥ የከለከለ ጌታ ቢኖር ምን ይሉታል፣ ክቡርነትዎ? የመግዛቱ ግዴታ የእኔ ነው። መሰካቱን የመፍቀድ ግዴታ ያለበት ግን አንድም ቢሮ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

«ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ሂድ» ይሉኛል ብዬ አስባለሁ። እሄዳለሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያ መክፈቱን በደስታ ነው የሰማሁት፤ የግል ባለሀብቶችም ጀምረዋል። ግን ፈጣን ጣቢያ ለመንገደኛ ነው። በየዕለቱ በከፍተኛ ኃይል መሙላት፣ መኪናው ቆሞ ባደረበት በዝግታ ከመሙላት ይልቅ ባትሪውን ያደክመዋል። ደግሞም የመሰኪያው ዓይነት አንድ አይደለም፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና አንዱን፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሌላውን ይፈልጋል። ተራ ጠብቆ ጠብቆ «ያንተ ጫፍ አይገባም» መባልን አንድ ቀን ቢቀምሱት ደስ ይለኛል። ከተማዋን ከለቀቁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞልቼ ከወጣሁ እደርሳለሁ፣ መመለሻው ያሳስበኛል። ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ መሐል የጣርማ በር ዳገት። እገዳው ለመላው አገር ነው የታወጀው። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ቤቱ መብራት ለሌለበት አገር።

ስለ ሒሳቡም ጥቂት ልበል። የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየጊዜው እየጨመረ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢበላ፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ቆጣሪው ላይ 150 ይጨምራል። እርከኑ ያንን የሚያየው ምጣድና ምድጃ እንዳበዛ አባካኝ ነው፤ ነዳጅ ማዳኔን የሚያውቅ እርከን የለም። ከቤንዚን አሁንም ይረክሳል፣ አልክድም። ግን ሰው በሚተኛበት፣ ኃይል በማይጨናነቅበት ሌሊት የሚሞላን መኪና ከምሽት ምጣድ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የማን ብልኃት ነው?

ከምናስገባው ነዳጅ ደግሞ ትልቁ ድርሻ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚጠጡት የጭነት መኪኖች፣ አውቶቡሶችና ማሽኖች ናቸው። የውጭ ምንዛሪው የሚፈስበት ቀዳዳ ያ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የተጀመረው ግን ከእኔ አውቶሞቢል ነው፣ ለመከልከል ቀላሉ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። የቤተሰብ መኪና ሲወደድ ሰው አሮጌውን እየጠገነ ይቀጥላል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ኮሮላ አሁንም ከፊቴ እያጨሰ ይሄዳል። የቀረው፣ የመለዋወጫ እጥረቱ፣ ቻይንኛ ብቻ የሚያወራው ስክሪን፣ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስትሞት የመኪናው በር አልከፈት ማለቱ፣ ጋራዥ ከጋራዥ የሚያዞር ነገር ነው፤ እሱን ከመካኒኩ ጋር እንጨርሰዋለን። ትልቁ ባትሪ ሲያረጅ ማን ይረከበኛል ብዬ ስጠይቅ ግን አንዱ ቢሮ «እስከዚያ ብዙ ጊዜ አለዎት» አለኝ። ስለ ሶኬቱም እንዲህ ነው የታሰበው ማለት ነው።

የምፈልገውን አሳጥሬ ልጻፍ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከራሱ ቆጣሪ፣ በራሱ ወጪ፣ ደረጃውን በጠበቀ ሥራ መሙያ እንዲያስተክል የሚፈቅድ መመሪያ ይውጣ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ቢሮ አንድ ይሁን፣ ስሙም ይታወቅ። ከተቻለ የሌሊት ታሪፍ ይታሰብበት። ይህን ለመሥራት ግድብ መገደብ አያስፈልግም፤ ግድቡ ተገድቧል።

ይህ እስኪሆን ድረስ በመንግሥት ግቢዎች የሚቆሙት ነዳጅ ጠጪ መኪኖች ተሸጠው ኃላፊዎቹ እንደ እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ይያዙ፣ የሚሞሉትም ከሚኖሩበት ቤት ሶኬት ብቻ ይሁን። ያኔ ቅጹ በሳምንት ውስጥ እንደሚታተም አልጠራጠርም።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበት። የሕንፃው ኮሚቴ በቃል የተባለ ነገር አይቀበልም፣ እኔም ከእንግዲህ አልቀበልም።

አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ
አዲስ አበባ