ክፉ ወሬ ስለሚሰማ መሪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአስቸጋሪ ጊዜ ጠንካራ መሪ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሰሞኑን በዚህ ዓምድ የቀረቡትን አስተያየቶች በጥሞና ተከታትያለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፍት ጠንካራ ያሉት የማይናወጠውን፣ ቃሉን የማያጥፈውን፣ ጠላት ቢበዛበትም ወደ ኋላ የማይለውን ሰው ነው። እኔ በባሕር ዳር ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከጠረጴዛዬ ሳልነሣ ብዙ አለቆች ሲመጡና ሲሄዱ አይቻለሁ። ያየሁት ግን ከተጻፈው ስለሚለይ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። በእኔ ግምት የመሪ ብርታት የሚለካው ክፉ ወሬ በሚደርስበት ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ ነገር ያንን ወሬ ይዞ ወደ ቢሮው ለመግባት የሚደፍር ሰው አለ ወይ? ከሰማስ በኋላ ለሚመለከተው ሕዝብ ሳይቀንስና ሳያለዝብ ይናገረዋል ወይ?

ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው መሥሪያ ቤት ሳለሁ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ዘግይቶብናል። በመጀመሪያው ጊዜ በጀቱ አለመለቀቁን ለኃላፊያችን የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። መዝገቡን ዘጋ አደረጉና «ይህን ለማንም እንዳታወራ፤ ነገ ይገባል በላቸው» አሉኝ። በመስኮቴ ለሚቆመው ሁሉ ነገ ይገባል እያልኩ ሦስት ሳምንት ዋሸሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚያምነኝ አልነበረም፤ ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ጠያቂውም ቀረ። ከሁሉ የማይረሳኝ የጥበቃ ሠራተኛችን ነው። የእኔን ነገ ይዞ ከቤት አከራዩ ጋር ቀን ቆረጠ፤ ቀኑ ሲያልፍበት ሬዲዮኑን ሸጠ። የሸጠበትን ብር እዚያው መስኮቴ አጠገብ ቆሞ ሲቆጥር ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዓመታት በኋላ ያው ችግር ሲደገም ወንበሩ ላይ የነበሩት ሌላ ሰው፣ አንዲት ሴት ነበሩ። ወረቀቱን አንብበው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ሠራተኛውን በሙሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰቡን። «ደመወዝ የለም። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት አይመጣም፤ ከዚያ በኋላም ለመምጣቱ ዋስ ልሆናችሁ አልችልም። የእኔም አልገባም» አሉ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዱማ የማይባል ቃል ተናገራቸው፤ ቆመው ሰሙት። በዚያው ከሰዓት በኋላ ግን የሠራተኛው ዕድር ካለው ተቀማጭ፣ ልጆች ላሏቸው ቅድሚያ እየሰጠ እንዲያበድር ተስማማን፤ ቁርጡን የሰማ ባለሱቅም ዱቤ አልነፈገንም። ገንዘቡ የመጣው በሃያኛው ቀን ነበር፤ እርሳቸው ከገመቱት አምስት ቀን ዘግይቶ ማለት ነው። ዋሹን ያለ ግን አልነበረም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ሲቆም ያየን የዚህ ከተማ ነዋሪዎች ይህን ልዩነት ለመረዳት አንቸገርም። ከችግሩ ይልቅ ያሳቀቀን እስከ መቼ እንደሆነ ቁርጡን የሚነግረን ሰው መጥፋቱ ነበር።

የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ጥበቡ ይገባኛል፤ እረኛ ሹመት ስለማይጠብቅ የሚያወርደው ግጥም እልፍኝ ውስጥ የማይነገረውን ይናገራል። ዳሩ ግን መስማት አንድ ነገር ነው፤ በሰሙት ነገር ከያዙት መንገድ መመለስ ሌላ ነው። ለዚህ ደግሞ ከጣና ዳር ሳንርቅ ዐፄ ሱስንዮስን ማስታወስ ይበቃል። በጎርጎራ ቤተ መንግሥት ያሠሩት እኚህ ንጉሥ የካቶሊክን ሃይማኖት በ1614 ዓ.ም. ገደማ በይፋ ተቀብለው አገሩንም በአዋጅ ለማስከተል ለአሥር ዓመት ያህል ደም ሲፋሰሱ ኖሩ። ሰኔ 1624 ዓ.ም. ከላስታ በተነሡት ዓመፀኞች ላይ ታላቅ ድል አገኙ። በሜዳው የወደቀው ግን በሺዎች የሚቆጠር የገዛ አገራቸው ገበሬ ነበር፤ እንደሚተረከውም የቅርብ ሰዎቻቸው ሬሳውን አሳይተው፣ እነዚህ የራሳችን ወገኖች ናቸው፣ ይህ ድል አይደለም አሏቸው። ልብ በሉ፤ ይህ የተነገራቸው ተሸንፈው ሳይሆን አሸንፈው በቆሙበት ሰዓት ነው። ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። የአሥር ዓመቱን ጥፋት ይህ አይፍቀውም፤ እኔም ጻድቅ ላደርጋቸው አልተነሣሁም። ነገር ግን የተናገረውን የማያጥፍ መሪ ከሚሉት ወገን ብሆን ኖሮ፣ ሱስንዮስ በሕይወታቸው የሠሩትን ትልቁን ሥራ ድክመት ብዬ ልጽፈው በተገደድኩ ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ ጠንካራ መሪ ከሕዝቡ ጋር ወርዶ በእጁ የሚሠራ ነው ይላሉ። መልካም ነው፤ ግን በቂ አይመስለኝም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን፣ የከብት በሽታው በሬውን ሲጨርሰው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው፣ መኳንንቱንም ማስቆፈራቸው ይነገራል። ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በገዛ እጃቸው መንገድ ጠርገዋል። ሁለቱም ላባቸውን አፍስሰዋል። የምኒልክ ዶማ ግን የያዘችው ወሬ ነበራት፤ በሬ አልቋል፣ እስኪገኝም መጠበቅ አይቻልም የሚል። የቴዎድሮስ ድካም አገሩ ከእጃቸው እየወጣ መሆኑን የሚናገር አልነበረም። የቋራው ካሳ ወዳጆች አይቆጡኝ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ሁሉ ነገር በአደባባይ ይነገር አላልኩም። በጦርነት ጊዜ የሚደበቅ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ለሕዝብ ጥበቃ የሚደበቀውንና ለሹመት ጥበቃ የሚደበቀውን ግን ሒሳብ ሠራተኛ እንኳ ይለየዋል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እንደ እውነቱ ከሆነ እምቦጭ ነው። አረሙ በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመቻ እንደተጠራ አንባቢ ያውቃል። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል። አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። ስለዚህ «ጸድቷል» የሚል ሪፖርት ዕድሜው አጭር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ በዚያ በኩል በሄድኩ ጊዜ የተነቀለው አረም ውኃው አፍ ላይ ተከምሮ አየሁ። አብሮኝ የነበረው ገበሬ ክምሩን በዱላው ነካ አድርጎ «ይኼ ክረምቱ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል» አለኝ። ለምን ለኃላፊዎቹ አትነግሯቸውም ብዬ ብጠይቀው «ነግረን ነበር፤ ዘመቻውን አታጣጥሉ አሉን» ሲል መለሰልኝ።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የዘመቻ መክፈቻ ፎቶግራፍ ማውጣታችሁን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ ወደዚያው ቦታ ዘጋቢ ላኩ። ከኃላፊው በፊት ገበሬውን ጠይቁ፤ ያለውንም ቃል በቃል ጽፋችሁ ለኃላፊው አንብቡለትና የመለሰውን አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ ከዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ
ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር