የአባባ ታሪክ ኮሪያ ላይ አያልቅም

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ወደ ኮሪያ ጦርነት ስለሄዱት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በየጊዜው የምታወጡትን አነባለሁ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ጽሑፋችሁ ሁሌ ሰውየው ከኮሪያ የተመለሰ ቀን ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የኖረው ስድሳ ሰባ ዓመት "ትዳር መሥርተው የልጆች አባት ሆነዋል" ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

አባቴ በቅርቡ ሲያርፉም የሆነው ይኸው ነው። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ትውልድ፣ ዘመቻ፣ ኒሻን፣ የልጆች ቁጥር ብሎ አለቀ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር ማሳጠሩ ግድ ነው፣ አልተቀየምኩም። የቀረውን ግን ለእናንተ ልጻፈው።

ዘመቻውን ቶሎ ልጨርሰው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ፑሳን ገባ። አባባ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩና በዓመቱ ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ሄዱ። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም የተማረከ የለም። ይህቺን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ብቻ ነበር አባባ ቀና የሚሉት።

ስለ ጥይቱ ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ብርዱ ግን ጠይቋቸው! የደጋ ልጅ ሆነው እንኳ እንዲህ ያለ ብርድ በሕልማቸውም አላዩ። ስለዚህ በእኛ ቤት እርጥብ ካልሲ ወንጀል ነበር። በክረምት ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ያስቆሙናል፣ ጫማ ያስወልቃሉ፣ ካልሲውን በእጃቸው ይጨብጣሉ። ከረጠበ ጉድ ፈላ። ዱካ ላይ ያስቀምጡንና እግራችንን በፎጣ፣ ጣት በጣት፣ በየመሐሉ ሳይቀር ያደርቃሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። ቁጣውም ፍቅሩም እዚያችው ፎጣ ላይ ነበር።

በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ ክቡር ዘበኛ ሲበተን እሳቸውም ከሠራዊቱ ወጡ። ቃኘውን ያደራጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት አንዱ ነበሩ፤ ስለዚያ ሰሞን የጠየቃቸው ሰው ሁሉ መልስ ሳያገኝ ቡናውን ጠጥቶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ሹፌር ሆኑ። የአሰብ መንገድ ሹፌር፣ ባለ ኤንትሬ፣ የፊያት ጭነት መኪና። አሁን ላለው ልጅ ኤንትሬ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብደኛል፣ ታርማበር ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲያቃስት ያላየው አይገባውም። ሲመጡ ቤቱ ተምር ተምር ይሸታል። ሲሄዱ እናቴ በር ላይ ቆማ የምታጉረመርመው ጸሎት ነው ወይስ ስድብ፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ከደቡቡ ጎን ቆሞ የተዋጋ ሰው ያንን ማውራቱ ምን ይጠቅመዋል? ኒሻናቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ እናቴ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ገባ። ከላዩ በርበሬ። ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ሪባኑ ቀልቶ ነበር፣ ቢታጠብም አልለቀቀም። አፍንጮ በር ወዳለው የዘማቾች መታሰቢያ ለበዓል ሲሄዱ ደረታቸው ላይ ያደርጉት የነበረው እሱኑ ነው። አጠገባቸው የቆመ ሰው ባያስነጥሰው ነው የሚገርመኝ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ሰሜን ኮሪያዎች ያሠሩት ትግላችን ሐውልት ተመረቀ። አባባ ባጠገቡ ሲያልፉ ቀና ብለው አይተው "መቼም ሥራ ይችላሉ፣ ሲተኩሱም እንዲሁ ነበሩ" አሉ። ፖለቲካቸው ይኸው ነበር።

ያ ዓመት ግን ለእሳቸው የሐውልት ዓመት አልነበረም። የአሰብ መንገድ በወሎ ነው የሚያልፈው፤ በኮምቦልቻ፣ በባቲ። ባቲ ላይ ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ ሰፍሮ ነበር። የእርዳታ እህል ሲያመላልሱ ከረሙና አንድ ቀን ማታ ከመኪናው አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አወረዱ። በኮታቸው ጠቅልለዋታል። ወላጆቿ አልቀዋል። እናቴ ልጅቷንም እሳቸውንም አየችና ውኃ ጣደች። ቃኘዎች ደቡብ ኮሪያ ዶንግዱቾን ላይ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው እንደነበር ያነበብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፣ አባባ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ያንን አስበው ይሁን ወይ ዝም ብለው ልጅ ስላለቀሰች፣ እኔ እንጃ። የሕይወት ታሪኩ ላይ "የስድስት ልጆች አባት" ሲባል እሷን ቆጥሮ ነው። ደግሞም ካልሲ ላይ እንደ እኛው ነበር የሚፈትሿት፣ አድልዎ የለም።

እናቴ በመጨረሻ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ ስትተኛ አባባ ሰማንያ አልፏቸው ነበር። ሴት ልጆች እያሉ፣ ሠራተኛ እያለች፣ ሌላ ሰው አላስነካም አሉ። ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል፣ ፀጉሯን ያበጥራሉ። ሹሩባ ለመሥራት ሞክረው የወጣው ነገር ሹሩባ አይባልም፣ እሷም በመስታወት አይታ በዚያ ባልታዘዘ አፏ ሳቀች። የዚያ ዘመን ወንድ፣ ያውም ወታደር፣ የሚስቱን ሻሽ አጥቦ ግቢ ገመድ ላይ ሲያሰጣ ጎረቤት ቢያወራ አይገርምም። አወራ። እሳቸው ማስጣቱን ቀጠሉ። ኮረብታ ተራራ መያዝ ጀግንነት ነው ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን ዓይኔ ያየው ጀግንነት ይሄኛው ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከዘማቾቹ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከዘጠና አልፏል። ጋዜጠኛ ስትልኩ ስለ ጦርነቱ ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ። ምን ሠርተው በሉ? ማንን አሳደጉ? ኒሻኑን የት ደበቁት? ሚስቶቻቸው ካሉ እነሱንም ጠይቁ፣ ብዙውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእኛ ዕድር ውስጥ የአባባ ጓድ የነበሩ አንድ አባት አሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በጠዋት ኑ፣ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል። የግራ ጆሯቸው አይሰማም፣ በቀኝ በኩል ተቀመጡና ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

የሟች ሦስተኛ ልጅ
ከአዲስ አበባ