ስለ ተሳሳተው ምክሬ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ዓመት ዝም ያልሁህ ረስቼህ አይደለም። በረጅሙ መስመር ጫፍ ያለውን የባትሪ ጣቢያህን ኢንቨርተሮች (የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት ለመስመሩ ወደ ተለዋጭ ከረንት የሚለውጡትን) በምክሬ መሠረት ካስተካከልህ በኋላ የቮልቴጁ ውዝዋዜ እንደ ባሰ ስትጽፍልኝ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑ ገብቶኝ ለመናገር አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።

ፌዝ ሎክድ ሉፑን፣ ማለትም ኢንቨርተሩ የኤሌክትሪክ መረቡን የቮልቴጅ ሞገድ አንግል የሚከታተልበትን መቆጣጠሪያ፣ አፍጥነው ብዬህ ነበር፤ ማዘግየት ነበረብህ። በጠንካራ መረብ ላይ ኢንቨርተሩ የሚከታተለው ቮልቴጅ በትልልቆቹ ጀነሬተሮች የተያዘ ስለሆነ በቀላሉ አይነቃነቅም። በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ግን የራሱ ከረንት በመስመሩ ኢምፒዳንስ (ከረንትን በሚገታው ጠባዩ) ሲያልፍ የሚለካውን ቮልቴጅ ያዛባዋል፤ የተዛባውን አንግል ተከትሎ ከረንቱን ሲያስተካክል ደግሞ ቮልቴጁን እንደገና ያናውጠዋል፤ ክትትሉ በፈጠነ መጠንም ይህ ዙር ይበረታል።

እስቲ አምስት ኪሎ ሳለን በጠመኔ እንደምናደርገው እናስላው። የ33 ኪሎ ቮልት መስመርህ 80 ኪሎ ሜትር፣ ሪአክታንሱም (የኢምፒዳንሱ አንዱ ክፍል) በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ቢሆን በድምሩ 32 ኦም ይመጣል። ሌላውን ሁሉ ብንተው እንኳ የሾርት ሰርኪት አቅሙ፣ ማለትም የመረቡ ጥንካሬ መለኪያ፣ 33 በ33 ተባዝቶ ለ32 ሲካፈል 34 ሜጋ ቮልት አምፔር ብቻ ነው። 15 ሜጋ ዋት ባትሪ ስታገናኝበት የዚህ አቅም ከባትሪው ኃይል ጋር ያለው ሬሾ 2.3 ገደማ ይሆናል፤ ከ3 በታች ደግሞ ደካማ የሚባለው ነው። ይህን ስሌት ምክር ከመስጠቴ በፊት መሥራት ነበረብኝ።

ችግሩ የአንተ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019፣ ደካማ መስመር ላይ የነበሩ አምስት የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች በዚሁ የውዝዋዜ ሥጋት ምርታቸውን በግማሽ እንዲቀንሱ ተደርገው ነበር፤ በኋላ የተፈታው የኢንቨርተሮቹን ቅንብር በመለወጥ ነው።

አሁን መጀመሪያ የምትልከውን ኃይል ቀስ በቀስ ቀንስ፤ ውዝዋዜው አብሮ ከጠፋ ጥርጣሬያችን ልክ ነው። ከዚያ ሉፑን አዘግየው፤ ሆኖም ከልክ በላይ ካዘገየኸው መስመሩ ላይ ብልሽት ሲደርስ አንግሉን መያዝ ያቅተዋል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ግሪድ ፎርሚንግ የሚባለውን አሠራር ነው፤ ኢንቨርተሩ የሌላውን ቮልቴጅ ከመከተል ይልቅ ራሱ ቮልቴጅ ያቆማል፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የተጠራቀመ ኃይልም ባትሪህ ውስጥ አለ። የምሠጋው ከረንቱን ነው፤ ጀነሬተር በሾርት ሰርኪት ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ሲሰጥ ኢንቨርተር ግን ከመደበኛው ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ገደቡ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አምራቹን አጥብቀህ ጠይቅ።

የአሁኑን ቅንብርና በሙሉ ኃይልና በግማሽ ኃይል የተቀዳውን የቮልቴጅ ግራፍ ላክልኝ። በደረሰኝ ቀን ተቀምጬ እሠራዋለሁ።

ወዳጅህ