በትንሽ ብር ጌሚንግ ኮምፒውተር ለሚሰሩ ልጆች፣ ስለ ፕሮሰሰር ኩለር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ኮምፒውተር በመጠገንና በመገጣጠም የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ይሄን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በቁጥብ ብር ጌሚንግ ኮምፒውተር ለመስራት የሚሞክሩ ልጆችና ከፋይ የሆኑት ወላጆቻቸው በአንድ ዕቃ ያለአግባብ ብር እያወጡ ስለሆነ ነው፣ እሱም የፕሮሰሰር ኩለር ነው፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል (ፕሮሰሰሩን) የሚያቀዘቅዘው ዕቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ልጁ ብሩን ይዞ መገናኛ ወይ ቦሌ ይሄዳል፣ ሻጩ "ይሄ ለጌም ስለሆነ ውሃ ኩለር ካልገባለት ይቃጠላል" ይለዋል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ከለር የሚቀያይር መብራት ያለውን ይገዛል፣ ከዛ የጌሙን ምስል የሚሰራው ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲደርስ ብሩ አልቆ ደከም ያለውን ይዞ ይሄዳል። ጌም ላይ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዛት) የሚጨምርለት ግን ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፣ እንደዚ ባለ ጊዜ የቤተሰብ ብር መብራት ላይ ሲፈስ ማየት በጣም ያናድዳል።

"ይቃጠላል" የሚባለው ነገር ራሱ ልክ አይደለም። የዛሬ ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በጣም ከባሰበትም ኮምፒውተሩ ይጠፋል እንጂ ጭስ አይወጣውም። የኤኤምዲው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 የሙቀት ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው፣ የኢንቴሉ ኮር አይ5 12400ኤፍ ደግሞ 100 ነው፣ ስለዚህ ጌም ላይ ሰባ ምናምን ስታዩ መደንገጥ አያስፈልግም። እነዚህ ሁለቱ፣ እንዲሁም ራይዘን 5 5500 እና ኮር አይ3 12100ኤፍ፣ ከፋብሪካ በካርቶን ሲመጡ ኩለራቸው አብሯቸው ነው ያለው፣ የኤኤምዲው ሬይዝ ስቴልዝ ይባላል፣ የኢንቴሉ ደግሞ ላሚናር። ቁመናቸው አያምርም፣ ጫና ሲበዛ ትንሽ ይጮሃሉ፣ ግን ለጌም በቂ ናቸው። 65 ዋት የተባለ ፕሮሰሰር ላይ ባለ 240 ሚሊ ሜትር ውሃ ኩለር የሚያስገጥም ምክንያት እኔ አላየሁም።

ችግሩ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ የለም። በሻንጣ ወይ በካርጎ የሚመጣ ዕቃ ኪሎ እንዳይበዛ ካርቶኑ እዛው ይቀራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚህ ከደረሰ በኋላ ኩለሩ ወጥቶ ለብቻው ሲሸጥ በአይኔ አይቻለሁ። ስለዚ ወላጆች፣ ፕሮሰሰር ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "አብሮት የሚመጣው ኩለርስ?" የሚል ይሁን፣ የለም ከተባለ ዋጋው ላይ ተከራከሩ።

በርግጥ መግዛት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ ራይዘን 7 5700ኤክስ ወይ መጨረሻቸው ላይ ኬ የሚል የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኩለር የላቸውም፣ ጩኸት የማይችል ሰውም አለ። ያኔ ባለ አራት ሂት ፓይፕ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቱቦ)፣ ባለ አንድ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ታወር ኩለር (ቀጥ ብሎ የሚቆም የአየር ኩለር) በቂ ነው። ተርማልራይት አሳሲን ኤክስ 120 ኤስኢ የሚባለው ውጭ አገር 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከውሃ ኩለር ጋር አይወዳደርም። ከሱ ከፍ ያለ ከፈለጋችሁ ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ አለ፣ ስድስት ሂት ፓይፕና ሁለት ፋን ያለው ነው፣ ከዛ በላይ በትንሽ ብር ለሚሰራ ሰው ትርፍ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሜትር ይዛችሁ ኬዛችሁን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ለኩ፣ የመጀመሪያው 148 ሚሊ ሜትር ሁለተኛው 155 ሚሊ ሜትር ይቆማሉ፣ ቀጫጭኖቹ ኬዞች ውስጥ የጎን ክዳኑ አይዘጋም። ሶኬቱንም (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ) ጠይቁ፣ የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ሶኬት የኩለር ማሰሪያ ቀዳዳዎች 78 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ናቸው፣ የድሮዎቹ 75 ነበሩ፣ ሶስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ብሎ የድሮ ኩለር በጉልበት የሚያስገባ ሰው ማዘርቦርዱን (ዋናውን ቦርድ) ነው የሚያጎብጠው።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፣ ፋን ሙቀት የሚያወጣው ደግሞ በአየር ነው። ስለዚ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጅ የለካው ዲግሪና እናንተ ቤት የሚታየው ትንሽ ቢለያይ ኩለሩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ውሃ ኩለርም ከዚህ አያመልጥም፣ ውሃው ሙቀቱን ራዲያተሩ ጋ ያደርሰዋል እንጂ መጨረሻ ላይ የሚያቀዘቅዘው ያው ፋንና አየር ነው። ደግነቱ የአዲስ አበባ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ያካክሰዋል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ላላችሁ ግን ምክሬ ይለያል፣ እዛ ክፍሉ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ከካርቶን የመጣውን ትታችሁ ታወር ብትገዙ አልቃወምም።

አሁን ደግሞ አብዛኛው ልጅ ወደሚገዛው ልምጣ፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ እኔም አበረታታለሁ። ግን አንዳንድ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች ላይ የፋኑ ሶኬት ባለ አምስት ፒን ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ኩለር ባለ አራት ነው፣ ያለ አዳፕተር ከቀየራችሁት በተከፈተ ቁጥር የፋን ስህተት እያለ ያስቸግራል። ደግሞ እነዚህ ማሽኖች ብዙ ጊዜ አዲስ ኩለር አያስፈልጋቸውም፣ ለአመታት ተከፍተው አያውቁም፣ ፕሮሰሰሩና ኩለሩ መሃል የሚቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈርፍሯል፣ የሂትሲንኩ (የኩለሩ ብረት) ክንፎች መሃል አቧራው ተጋግሯል። በከተማችን ካለው ግንባታ ጋር አቧራው እንዴት እንደሆነ መናገር አይጠበቅብኝም። አቧራውን በብሩሽና በብሎወር ማውጣት፣ የድሮውን ፔስት በአልኮል መጥረግ፣ መሃሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት ማድረግ፣ በቃ። ፋኑን ግን በብሎወር ስትነፉት በጣታችሁ ያዙት እንዳይሽከረከር።

ባለፈው አንድ ልጅ "አዲሱ ኮምፒውተሬ ጌም ስከፍት ይንቀራፈፋል" ብሎ አምጥቶልኝ ነበር፣ ሱቅ ነው የተገጠመለት። ኩለሩን ሳነሳው ስሩ ላይ ያለችው መከላከያ ላስቲክ አልተላጠችም፣ ላይዋ ላይ እኮ ከመግጠማችሁ በፊት ላጡ ተብሎ ተጽፏል። ፔስቱ ላስቲኳ ላይ ተቀብቷል። ልጁ ሌላ ኩለር እንዲገዛ ተመክሮ ብር እያጠራቀመ ነበር። ላስቲኳ ተላጠች፣ ፔስት ተቀየረ፣ ጌሙ በዛው ቀን በደንብ ሄደ።

ቤታችሁ ለምትነቅሉትም አንድ ነገር። ኤኤም4 በሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ላይ ፔስቱ ከደረቀ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን ይዞት ነው የሚወጣው፣ ከስር ያሉት ፒኖች ይጣመማሉ፣ የተጣመመ ፒን ማቃናት ደግሞ ልብ ያደርቃል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሰሩት ይሙቅ፣ አጥፍታችሁ ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉት፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታችሁ ኩለሩን ቀኝና ግራ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ከዛ ነው ወደ ላይ የሚነሳው። በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ታወሩን አውልቃችሁ ለብቻው ጠቅልሉት፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ ብረት ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ በኮሮኮንች መንገድ መሄድ የለበትም።

የኔ ጥያቄ ለሻጮች ነው፣ በጋዜጣችሁ በኩል ይድረስልኝ። ፕሮሰሰር ስትሸጡ ኩለር አብሮት እንዳለና እንደሌለ ደረሰኙ ላይ ጻፉ፣ የሚገጥመውን ሶኬትም ጨምሩበት። እናንተም ዝግጅት ክፍሎች፣ ስለ ስልክ የምትጽፉትን ያህል ስለነዚህ ዕቃዎችም አንድ አምድ ስጡን፣ እየገዙ ያሉት አብዛኞቹ ገና ተማሪ የሆኑ ልጆች ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ