ከስብሰባው በፊት፦ ስለ ኮሌጆች የስፖርት ውድድር

ውድ አባላት፣

በመጪው ስብሰባ የምንወስነው የኮቪድ ወረርሽኝ ሳይበርድ ውድድሩን እናካሂድ ወይስ እናራዝም የሚለውን ነው። እኔ በበኩሌ ተመልካች አስገብቶ ማካሄዱን እቃወማለሁ።

«ሜዳው ክፍት ነው፣ ነፋስ አለ» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ከዝግ አዳራሽ ይሻላል። ግን ተመልካቹ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ይመጣል፣ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሰለፋል፣ ጎል ሲገባ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ይጮኻል፣ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ማታ ወደ ጋራ ማደሪያው ይገባል። ቫይረሱ ደግሞ ሳል እስኪጀምር አይጠብቅም፤ ከዚያ በፊትም ይተላለፋል።

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 ተሰረዘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ባለ ማግስት። በ2021 የወንዶቹ ውድድር በአንድ ግዛት፣ በኢንዲያና ብቻ፣ በተገደበ ተመልካችና በተደጋጋሚ ምርመራ ተካሄደ። እንዲያም ሆኖ የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ቫይረሱ ስለተገኘ ቡድኑ ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሳይጫወት ከውድድሩ ወጣ።

የሚያንገበግበኝ የተመራቂዎቹ ነገር ነው። ለዚህ ውድድር ዓመታት ለፍተዋል፣ ሌላ ዕድል የላቸውም። ለእነሱ ስል ያለ ተመልካች፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ተመርምረው ቢጫወቱ እደግፋለሁ። መሳተፍ የፈራ ተጫዋችም ቦታውንና የትምህርት ድጋፉን እንደማያጣ አስቀድሞ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። የምርመራውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሳናውቅ ግን ቀን አንቁረጥ።